ማስታወሻ ደብተሬ ችሎት ሆነብኝ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፦

የዶክትሬት ትምህርት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ሦስተኛ ምዕራፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶልኛል። አማካሪዬ አስተያየታቸውን የላኩበትን ኢሜይል ሳልከፍተው አሥራ አንድ ቀን አለፈ። ስማቸውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይገለባበጣል፤ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ቤት ማጽዳት እጀምራለሁ።

ራስን ስለ መንከባከብ የሚሰጠውን ምክር ሁሉ ሞክሬአለሁ። ለተመራማሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ ‹በየማታው ውሏችሁን መለስ ብላችሁ እያያችሁ ጻፉ› ስለተባልን ሰባት ወር ሙሉ ጻፍኩ። አሁን ደብተሩን ስገልጠው የማነበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ‹ዛሬም አልሠራሁም። ዛሬም ጊዜዬን አባከንኩ። ሌሎቹ የት ደርሰዋል?› በእግር መሄዱን፣ ትንፋሽ መቁጠሩን፣ በጊዜ መተኛቱን ሁሉንም ጀምሬ አቋርጫለሁ። እነሱም አሁን ካልጨረስኳቸው ሥራዎች ተርታ ገብተዋል። ራሴን መንከባከብ እንኳ አልቻልኩበትም።

አብረውኝ የሚማሩት ሁሉ ቦታው ይገባቸዋል፤ እኔ ግን በስህተት የገባሁና አንድ ቀን የሚነቃብኝ ሰው ነኝ። ለመሆኑ ይህ መለስ ብሎ ማየት የሚባለው ነገር ይጠቅማል? ወይስ ልተወው? አንዳንድ ጠዋት ደግሞ ‹ምነው ባልነቃሁ› እያልኩ እነሣለሁ።

የአራተኛ ዓመቷ ተማሪ»

እህቴ፣ በዕድሜ እንደምበልጥሽ ገምቻለሁና «አንቺ» እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም በዚህ መንገድ አልፌአለሁ፤ ከዚያም ለብዙ ዓመታት የዶክትሬት ተማሪዎችን አማክሬአለሁ። የምጽፍልሽ ተማሪም አማካሪም ሆኜ ያየሁትን ነው።

ከደብዳቤሽ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ልጀምር፤ ከጥያቄሽ በኋላ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽውን ማለቴ ነው። «ምነው ባልነቃሁ» የሚለውን ሐሳብ እኔ እንደ ዋዛ ላልፈው አልችልም። ሲዝሉ እንዲህ የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ከአንዳንዱ ሰው ያልፋል፣ በአንዳንዱ ላይ ይከብዳል። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ደብዳቤ አንብቤ መለየት አልችልም፤ አንቺም ብቻሽን እንድትለዪው አይጠበቅብሽም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ዘንድ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲሽ ውስጥ ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄደሽ ያንን ዓረፍተ ነገር ለእኔ እንደጻፍሽው ቃል በቃል ተናገሪው። አታለዝቢው። «ትንሽ ደክሞኛል» ብለሽ ከገባሽ፣ ትንሽ ለደከመው ሰው የሚሰጠውን ምክር ይዘሽ ትወጫለሽ። ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ካዘነበለ፣ «እንዴት» እና «መቼ» የሚሉ ነገሮችም ከተጨመሩበት ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ወይም የምታምኚውን ሰው ጠርተሽ እርዳታ እስክታገኚ ድረስ ከአጠገብሽ እንዳይለይ አድርጊ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሁሉ ይህን ለባለሙያ ከተናገርሽ በኋላ የሚመጣ እንጂ የእሱ ምትክ አይደለም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ «እኔ ብቻ» የሚለውን ስሜት ከደብዳቤሽ ውስጥ ማውጣት እፈልጋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤልጅየም ውስጥ በፍላንደርስ ክልል በ3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል ሲሶ የሚሆኑት የተለመደ የአእምሮ ጤና ችግር፣ በተለይም ድባቴ፣ ያለባቸው ወይም ሊያድርባቸው የሚችል ሆነው ተገኙ። ይህ መጠን ተመራማሪዎቹ ለንጽጽር ከወሰዷቸው ሌሎች ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ሰዎች የበለጠ ነበር። ከችግሩ ጋር ተያይዘው የተገኙትን ነገሮችም ልብ በያቸው፦ የሥራው ጫና፣ ሥራና የቤተሰብ ኑሮ መጋጨታቸው፣ አማካሪው ተማሪውን የሚመራበት መንገድ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም እንኳ አንቺ ብቻሽን፣ ማታ ማታ ደብተር ላይ በመጻፍ ልታስተካክዪው አትችዪም። «ራሳችሁን ተንከባከቡ» የሚለው ምክር ሁሉንም ነገር በተማሪው ጫንቃ ላይ ጭኖ ሲሄድ ያሳዝነኛል። የሚገባሽን መመሪያ ሳታገኚ ቀርተሽ ከሆነ በረጅሙ መተንፈስ መመሪያ አይሆንልሽም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል? ይጠቅማል። አንቺ ለሰባት ወር የሠራሽው ግን እሱን አይደለም። አንቺ ስታመሰኪ ነው የከረምሽው። እንስሳ የዋጠውን ሣር መልሶ ሲያመሰኳው ምግብ ይሆነዋል፤ የሰው ሐሳብ ሲያመሰኳ ግን የሚዋጥ ነገር ሳይወጣው ያንኑ ሲያኝክ ያድራል። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነበር። «ለምን እንዲህ ይሰማኛል? ምን ጎድሎኝ ነው?» እያሉ በስሜታቸው ዙሪያ ደጋግመው የሚሽከረከሩ ሰዎች ድባቴያቸው እንደሚበረታና እንደሚረዝም አሳይተዋል። ሰዎቹ ግን ይህን ሲያደርጉ ራሳቸውን በጥልቀት እየመረመሩ፣ መፍትሔ እየፈለጉ ያሉ ይመስላቸዋል። ሁለቱን ከውስጥ ሆኖ መለየት አስቸጋሪ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደብተርሽ ችሎት ሆኖብሻል። ከሳሿ አንቺ ነሽ፣ ዳኛዋም አንቺ፣ ተከሳሿም አንቺ፤ በሰባት ወር ውስጥ ግን አንድም የመከላከያ ምስክር አልተጠራም። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ደግሞ ፍርዱ የሚነበበው ነገሩ ከመነገሩ በፊት መሆኑ ነው። «ዛሬም አልሠራሁም» የሚለውን ውሰጂ። ይህ ዓረፍተ ነገር በዚያ ቀን ምን እንደሆነ አንዳች ነገር አይነግረኝም። ስንት ሰዓት ተቀመጥሽ? ምን ከፈትሽ? የትኛው አንቀጽ ላይ ደርሰሽ ቆምሽ? እጅሽ ስልክሽን ያነሣው ምን ካነበብሽ በኋላ ነው? በምርምርሽ ውስጥ አንድ መረጃ ሰብሳቢ «መስክ ወጥቼ ነበር፤ መጥፎ ነው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ቢያመጣልሽ ትቀበዪዋለሽ? አትቀበዪውም፤ ያየውን እንዲጽፍ ትመልሽዋለሽ። በራስሽ ቀን ላይ ግን ሰባት ወር ሙሉ ያንን ተቀበልሽ።

ያው ቀን እንዲህ ሊጻፍ ይችል ነበር፦ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተቀመጥኩ። የሁለተኛውን ንዑስ ክፍል የመጀመሪያ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን አንሥቼ እስከ ስድስት ሰዓት አላስቀመጥኩትም። ስልኩን ያነሣሁት ቃለ መጠይቆቹና መጠይቁ የሚሉት ነገር እንደማይገጥም ባየሁበት ቅጽበት ነው።» እዚህ ላይ ቆም በይ። ይህቺ ተማሪ ሰነፍ ናት? ሁለት መረጃዎቿ አይስማሙም፤ አንቀጹ እምቢ ያላት ለዚያ ነው። ምናልባት የምዕራፉ ዋና ግኝት ያለው እዚያው አለመስማማቱ ውስጥ ነው። «ዛሬም አልሠራሁም» ብላ ደብተሩን ብትዘጋው ኖሮ ግኝቷንም አብራ ትዘጋው ነበር።

ዶናልድ ሾን የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራቸው አርክቴክቶች፣ መሐንዲሶችና የሥነ ልቦና ሐኪሞች በሥራ ላይ እያሉ እንዴት እንደሚያስቡ ተመልክተው ነበር። ጎበዝ ባለሙያ ያሰበው ሲሳሳትበት ሥራው መልሶ እየተናገረው እንደሆነ ቆጥሮ ያዳምጠዋል፤ አንዳንዴ እየሠራ ሳለ፣ አንዳንዴ ከጨረሰ በኋላ ያሰላስልበታል። መለስ ብሎ ማየት ወደ ትምህርቱ ዓለም ሲገባ ይዞት የመጣው መንፈስ ይህ ነበር፤ ጥያቄው የሚቀርበው ለሥራው ነው። ወደ አንቺ ሲደርስ ግን «ዛሬ ጥሩ ተማሪ ነበርኩ ወይ?» ወደሚል የማታ ምርመራ ተለወጠ። ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይመስለኝም፤ በአንድ ቀን ሥልጠና «ጻፉ» ተብሎ እንዴት እንደሚጻፍ ካልተነገረ፣ የተጨነቀ ሰው የሚጽፈው ጭንቀቱ የሚነግረውን ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። የትምህርት ተመራማሪ የሆኑት ግራሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት መለስ ብሎ የማየት ዑደት ስድስት ደረጃ አለው፦ የሆነውን መግለጽ፣ የተሰማንን መናገር፣ መመዘን፣ መተንተን፣ መደምደም፣ ቀጥሎ የሚደረገውን ማቀድ። መመዘን ሦስተኛ እንደሆነ ታያለሽ። አንቺ ከሦስተኛው ትጀምሪያለሽ፣ እዚያው ታድሪያለሽ። ስድስቱንም በየጊዜው ሙዪ አልልሽም፤ ለደከመ ሰው ይበዛል፣ ቅጽ መሙላትም ይሆናል። ለአሁኑ ሦስት ጥያቄ ብቻ ያዢ፦ ምን ሆነ? ሥራው የቱ ጋ ነው እምቢ ያለኝ? ነገ መጀመሪያ የምሞክረው ትንሽ ነገር ምንድን ነው? «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» የሚለው ጥያቄ ለጊዜው ከደብተሩ ይውጣ። እሱን ከባለሙያው ጋር ስትቀመጪ አንሺው፤ እዚያ ሌላ ሰው አብሮሽ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ሲከብድሽ ራስሽን በስምሽ እየጠራሽ ጻፊው። እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ከሚያስጨንቅ ነገር በፊት ለራሳቸው ሲናገሩ «እኔ» ከማለት ይልቅ ስማቸውን ሲጠቀሙ ጭንቀቱን በተሻለ ሁኔታ እንደሚቋቋሙት አይተዋል። በራሴም አውቀዋለሁ። «እኔ አልችልም» ብዬ ጽፌ እዚያው ደርቄ ከቀረሁባቸው ቀኖች በአንዱ፣ ስሜን ጽፌ «ዛሬ የቸገረህ ሠንጠረዥ አራት ነው» ብዬ ቀጠልኩ። ለወንድሜ የምጽፍ ያህል ተሰማኝ፤ ለወንድሜ ደግሞ «አንተ የማትረባ» ብዬ አልጽፍም።

ሰዓቱንም እንለውጠው። ሰባት ወር ሙሉ የጻፍሽው ማታ፣ ከመተኛትሽ በፊት ነው። ከዚያ የከፋ ሰዓት አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ የተሳታፊዎቹ ቁጥር አነስተኛ፣ 57 ወጣቶች ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ከሚገባው በላይ አላከብደውም። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለአምስት ደቂቃ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ ደግሞ በቅርብ ቀናት የጨረሱትን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ማታ አእምሮን የሚያሳርፈው ያለፈውን ቀን መፈተሽ ሳይሆን የነገውን ሥራ ከራስ አውጥቶ ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ይመስላል። ስለዚህ የማታው ገጽ የነገ ይሁን፤ ሁለት ወይም ሦስት መስመር፣ ከዚያ ደብተሩ ይዘጋል። መለስ ብለሽ የምታዪበት ጽሑፍ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ሰዓት ቆጥረሽ ለ15 ደቂቃ፣ ከአልጋሽ ርቀሽ ይሁን። በየቀኑ መሆኑ ይቅር።

ምናልባት «ስሜቴንስ የት ላውጣው?» ትዪ ይሆናል። ያም ቦታ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ጥናት ላይ ተማሪዎች በሕይወታቸው የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ጻፉ። ጽፈው ሲነሡ ስሜታቸው ከበፊቱ የከፋ ነበር፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ስለ ሆነው ነገርም ስለ ተሰማቸውም አብረው የጻፉት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። እኔ ከዚህ የምወስደው የጊዜውን ማጠር ነው። አራት ቀን ነበር፤ ሁለት መቶ ሌሊት አልነበረም። ወደ ከባድ ነገር ይገባል፣ ከዚያ ይወጣል። አንቺ ግን አሁን ባለሽበት ሁኔታ ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ብቻሽን አትጀምሪ፤ የምታዪው ባለሙያ ይወቀው።

ስለ እግር ጉዞውና ስለ ትንፋሹ በአጭሩ ልበል። ሁሉንም ጣዪው። በአንድ ጊዜ አምስት ልማድ መጀመር ለጤነኛም አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ እሱም እንቅልፍ ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሌሊት ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ላፕቶፑ ከመኝታ ክፍል ይውጣ፣ የምትነሺበት ሰዓት በየቀኑ አንድ ይሁን፤ እንቅልፍሽ ከተበላሸ ወራት ካለፈው ለሐኪሙ ንገሪው፤ መታከም የሚችል ነገር ነው። በእግር መሄድ ካማረሽ ሂጂ፤ አትቁጠሪው፣ አትመዝግቢው። እና እባክሽ፣ ዕረፍትሽን «ሥራ ከሠራሁ» ከሚል ቅድመ ሁኔታ አውጪው። ያልሠራሽበት ቀን ምሽት ላይ የምትቀጪው ቅጣት የሚወድቀው በነገዋ አንቺ ላይ ነው፤ ደክማ ትነሣለች፣ ትዘገያለች፣ ያንቺው ደብተርም እንደገና ይከሳታል።

አሁን ኢሜይሉ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ደብዳቤሽን እንዳነበብኩት ከሆነ ሌላውን ሁሉ የሚጎትተው ይህ ነው። ሳትከፍቺው አሥራ አንድ ቀን የቆየሽው ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። ባልከፈትሽው ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ቀለል ይልሻል፤ ያ ቅለት ነው ነገም እንዳትከፍቺው የሚያስተምርሽ። በዚህ መሐል ያልተነበበው ደብዳቤ በሐሳብሽ ውስጥ ማንም ሰው ሊጽፈው ከሚችለው በላይ ክፉ እየሆነ ይሄዳል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ ያለ ደብዳቤ ለሦስት ሳምንት ያህል ሳልከፍት ቆይቼአለሁ። በመጨረሻ የከፈተው ጓደኛዬ ነው። ከፊቴ ተቀምጦ መጀመሪያ ለራሱ አነበበው፤ ከዚያ «አርባ ሦስት አስተያየት አለ፤ አንድም ስድብ የለበትም» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። አብረን ለየናቸው። ሃያ ስድስቱ የፊደል፣ የማጣቀሻና የሠንጠረዥ ቁጥር እርማት ነበሩ፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቁ። አሥራ ሁለቱ ማሰብ የሚፈልጉ ነበሩ። አራቱ ከባድ ነበሩ፣ ወር ፈጁብኝ። አንዱ ግን ምን እንደሚል አልገባኝም። ሄጄ ስጠይቃቸው አማካሪዬ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ ሐሳቡ ለራሳቸውም እንዳልጠራላቸው ነገሩኝ። ሦስት ሳምንት ከሸሸሁት ነገር ውስጥ አንዱ እንኳ የእኔን ማንነት የሚመለከት አልነበረም።

የአንቺ ኢሜይልም እንዲህ ይሆናል ብዬ ቃል መግባት አልችልም። ግን ብቻሽን አትክፈቺው። አብራሽ የምትማር አንዲት ሰው ጥሪና ቀድማ ታንብበው። ከዚያ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ገልብጠሽ ለያቸው፤ ዛሬ የሚታረሙትን፣ ማሰብ የሚፈልጉትን፣ ያልገቡሽን፣ የማትስማሚባቸውን። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አትፍሪያቸው፤ የዶክትሬት ተማሪ ለአማካሪዋ «በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ማለት መጀመሯ የብስለት ምልክት ነው፤ አማካሪ ሆኜ ስጠብቀው የኖርኩት ቃል ነው። በዚያው ቀን አጭር መልስ ላኪላቸው። ይህን የመሰለ፦ «አስተያየትዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በጤንነቴ ምክንያት መልስ ለመስጠት ዘግይቻለሁ። አስተያየቶቹን ለይቼአቸዋለሁ፤ በአራቱ ላይ ለመነጋገር ግማሽ ሰዓት ቢሰጡኝ። በተለይ ይህ ምዕራፍ ‹በቃ፣ ደርሷል› እንዲባል ምን ማሟላት እንዳለበት በግልጽ ብንስማማ ይረዳኛል።» ዝርዝር የጤና ጉዳይ የመንገር ግዴታ የለብሽም።

የመልስሽን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር አትዝለያት። ምዕራፍ ሦስት ጊዜ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ በተማሪዋ ችሎታ ላይ ብቻ አይገኝም፤ መድረሻው የት እንደሆነ ሁለቱ ሰዎች ተስማምተው አያውቁም። አማካሪም ይደክማል፣ ይረሳል፣ ባለፈው ዙር ያስወጣውን በዚህ ዙር አስገቢ ይላል። ከስብሰባው በኋላ የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ጽፈሽ ላኪላቸው፤ በአራተኛው ዙር መነጋገሪያችሁ እሱ ይሆናል። አስተያየቱ እውነትም ክብር የሚነካ ከሆነ፣ ወይም ከዚህ ሁሉ በኋላ ምንም ካልተለወጠ፣ ተባባሪ አማካሪሽን ወይም የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን የሚያስተባብረውን ክፍል አነጋግሪ። ይህ ክስ መመሥረት አይደለም፤ ሰዎቹ እዚያ የተቀመጡት ለዚህ ነው።

በስህተት የገባሁ ነኝ ስላልሽው ብዙ አልጽፍም፤ ሊያሳምንሽ የሚሞክር ሰው ሁሉ እንደማያሳምንሽ አውቃለሁና። ይህን ስሜት የሥነ ልቦና ባለሙያዎቹ ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲገልጹት ያዩት በትምህርትና በሥራ ስኬታማ በሆኑ ሴቶች ላይ ነበር። የሴቶቹ ዲግሪና ሽልማት በተጨመረ ቁጥር ስሜቱ አልለቀቃቸውም፤ አዲሱንም ስኬት በዕድል ወይም በሌሎች መሳሳት ይተረጉሙት ነበር። ስለዚህ «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» ብልሽ «አላወቀኝም» ትያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፤ ያቺን ኢሜይሉን የምታነብልሽን ጓደኛሽን «አንቺስ እንዲህ ተሰምቶሽ ያውቃል?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ዝም ብለሽ አዳምጪ።

ዕረፍት መውሰድን በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በጤና ምክንያት ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጥ የሚፈቅድ ደንብ አላቸው። ሐኪሙ ቢመክርሽ ደንቡን አንብቢ፤ የነፃ ትምህርት ዕድሉንም ሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚመለከትሽ ከሆነ፣ ምን እንደሚያደርገው አስቀድመሽ ጠይቂ። አንድ ተማሪዬ አንድ መንፈቅ ዓመት ዐርፋ ተመልሳ ጨርሳለች። ሌላዋ ዐርፋ፣ አስባበት፣ ትምህርቱን ተወችው፤ ዛሬም በሰላምታ እንገናኛለን፣ ውሳኔዋ የራሷ ነበር፣ አከብርላታለሁ። መቀጠልሽንም ማቆምሽንም አሁን አትወስኚ። እንቅልፍ የሌለው ሰው፣ ያልተከፈተ ደብዳቤ ይዞ፣ በሌሊት እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን የለበትም።

የሰባቱን ወር ደብተር አትቅደጂው። አሁን ግን መልሰሽ አታንብቢው፤ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ፣ ወይም ጓደኛሽ ትያዘው። አዲስ ደብተር ጀምሪ። የዛሬው ማታ ገጽ ሁለት መስመር ብቻ ይኑረው። በመጀመሪያው ላይ ሐኪሙ ዘንድ የምትደውዪበትን ሰዓት ጻፊ። ኢሜይሉን ከጓደኛሽ ጋር የምትከፍቺበት ቀን ከእሱ በታች ይምጣ።